በቅሎ አጎቷን ስትጠራ

በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች ይባላል። አበው ይህን ተረት የተረቱት የአባቱን ስም ሸሽጎ የእናቱን ወገን ብቻ የሚቆጥረውን ሰው ለመሸንቆጥ ነው። እኔ ግን ዛሬ የማነሳው ማንንም ለማማት አይደለም። ነገሬ ስለ መኪና ነው፤ ያውም በዘመናችን ከሁለት ወገን ስለተወለደችው፣ በአንድ ጎኗ የሶኬት ቀዳዳ፣ በሌላው ጎኗ የቤንዚን መቅጃ ስላላት፣ ባለሙያዎቹ «ፕለግ-ኢን ሃይብሪድ» ስለሚሏት መኪና፤ እንዲሁም ቤንዚን የሚባል ዘመድ ጨርሶ ስለሌላት፣ በኤሌክትሪክ ብቻ ስለምትሄደው እኅቷ ነው። የመጀመሪያይቱን የሚሸጥ ነጋዴ ዘወትር «ኤሌክትሪክ ናት» ብሎ ነው የሚጀምረው። ቦኖውን ሲከፍቱት ግን አባቷ ሞተር እዚያው ቁጭ ብሏል።

ጥያቄውን ያመጣብኝ ጫኖ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ነው። ዕድሜውን በሙዝ ጭነት አመላላሽነት ያሳለፈ ሰው ነው። አሁን ለቤቱና ለንግዱ የምትሆን አንዲት ትንሽ መኪና አምሮታል። ሁለት አማርጠውታል፤ አንዷ ያገለገለች ሃይብሪድ፣ ሌላይቱ ሙሉ በሙሉ የኤሌክትሪክ። «አንተ ባንክ ተቀምጠህ ሂሳብ ታሰላለህ፤ መጽሐፍም ታገላብጣለህ፤ እስቲ የቱን ልያዝ?» አለኝ። ሂሳቡን አሰላሁለት። ሆኖም ቁጥሩ ብቻውን ሊያሳርፈኝ አልቻለም። እንስሳ የገዛ ሰው መኖዋንም አብሮ እንደሚገዛ ሁሉ፣ መኪና የሚገዛም ሰው የመኪናይቱን መኖ ይገዛል። «የመኖው ባለቤት ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ታሪካችንን ገለጥ ገለጥ ላደረገ ሰው፣ ጥያቄው ባልጠበቀው ገጽ ላይ ሁሉ ይጠብቀዋል።

* * *

አስቀድሞ አንድ የተለመደ አስተሳሰብ ማረም ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን የኤሌክትሪክ መኪና ትናንት የተወለደች፣ ሃይብሪድም ከእርሷ ጥቂት ቀድማ የመጣች ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለፈችው መኪና የኤሌክትሪክ መኪና ነበረች። ካሚይ ዠናዚ የተባለው ቤልጂጋዊ በሚያዝያ 1899 እ.ኤ.አ. በፓሪስ አቅራቢያ የነዳት ናት። በ1900 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ከተሠሩት 4,192 መኪኖች ውስጥ 1,681 በእንፋሎት፣ 1,575 በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ሲሆኑ፣ የቤንዚኖቹ 936 ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት ፌርዲናንድ ፖርሽ የተባለው የ25 ዓመት ወጣት ቤንዚንና ባትሪን በአንድ ገላ ያጋባችውን መኪና ሠራ። በቅሎይቱም እንግዲህ ከ120 ዓመት በላይ ዕድሜ አላት ማለት ነው።

ታዲያ ቤንዚን በምን አሸነፈ? በርካሽነቱና በቀላሉ በመጓጓዙ ነው። ሄንሪ ፎርድ በ1908 እ.ኤ.አ. ሞዴል ቲ የተባለችውን መኪና አወጣና ዋጋዋን ከዓመት ዓመት እያወረደ ተራው ሰው እጅ አስገባት። በ1912 እ.ኤ.አ. ካዲላክ ሞተሩን በኤሌክትሪክ የሚያስነሳ ሞተሪኖ ገጠመና፣ ሰው ክንዱ እስኪዝል ማንቬላ ማዞሩ ቀረ። የሚያስቀው ነገር፣ የቤንዚን መኪናን ለድል ያበቃት ያ የኤሌክትሪክ ሞተር መሆኑ ነው። የፎርድ ባለቤት ክላራ ራሷ ባሏ የሠራውን ትታ የኤሌክትሪክ መኪና ትነዳ ነበር። ያም ሆኖ ነዳጅ ከመሬት እየፈለቀ በርካሽ ሲቀዳ፣ ባትሪ ከባድና ውድ ሆኖ ቀረ። ዓለምም መኖውን መረጠ። የነዳጅ ጉድጓድ ያላቸው አገሮች ለሚቀጥለው መቶ ዓመት የመስኩ ባለቤቶች ሆኑ።

* * *

መኪና ኢትዮጵያ የገባችው ይህ ምርጫ በዓለም ላይ ሊቋጭ በተቃረበበት ሰዓት ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለች መኪና ይዞ፣ ከጅቡቲ ተነስቶ፣ በረሃውን ለወራት አቋርጦ አዲስ አበባ ደረሰና ለዳግማዊ ምኒልክ አስረከበ። መንገድ አልነበረም፤ ነዳጅ ማደያም አልነበረም። ከተማይቱ ግን በበቅሎ ተሞልታ ነበር። መኳንንቱ በበቅሎ ይሄዳሉ፤ ስንቅ በበቅሎ ይጫናል፤ የዓድዋ ጦር የዘመተው በእግሩና በበቅሎ ነው። ፈረስ ለጦርነት፣ በቅሎ ለመንገድ ነበረች። ዳገት አትፈራም፤ ገደል አፋፍ ላይ እግሯ አይከዳትም፤ ያገኘችውን ሣር ትግጣለች። ከሁለት ዘር መወለዷ ነውር ሳይሆን ጉልበቷ ነበር። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረባት፤ በቅሎ አትወልድም።

ያቺ ሲድሊ ሳር አትግጥም ነበር። መኖዋ ከባሕር ማዶ በመርከብ ይመጣል፤ ከወደቡ ደግሞ ይጓጓዛል። በ1909 ዓ.ም. የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ሲደርስ ነዳጁም አብሮ ይጫን ጀመር። ለአገሪቱ ይህ አዲስ ነገር ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ኢትዮጵያዊ የሚጋልበው እንስሳ ሁሉ የሚበላው ከራሱ ማሳና ከራሱ መስክ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን መጋለቢያችን የሌላ ሰው ጎተራ ጥገኛ ሆነ።

ጥገኝነቱ ምን ያህል መራራ እንደሆነ ለማወቅ 28 ዓመት አልፈጀም። ኢጣሊያ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻግራ ወረረችን። ዓድዋ ላይ የተሸነፈው ጦር በበቅሎ የሚጓዝ ነበር፤ ይህኛው ግን በካሚዮን፣ በታንክና በአውሮፕላን መጣ። ግራዚያኒ በደቡብ ግንባር እስከ ነገሌ የገሰገሰው በሞተር ነው። ባዶሊዮም ከደሴ ተነስቶ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ የገባው ከ1,500 በላይ ተሽከርካሪዎች አሰልፎ ነው። ኢጣሊያ ግን ይህን ሁሉ ሞተር የምታጠጣበት የራሷ ነዳጅ አልነበራትም፤ የምታገኘው ከውጭ በግዢ ነበር።

የዓለም መንግሥታት ማኅበር ኅዳር 8 ቀን 1928 ዓ.ም. በኢጣሊያ ላይ ማዕቀብ ጣለ። የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥላት፣ ብድር እንዳይሰጣት፣ ሸቀጧ እንዳይገዛ ተወሰነ። ነዳጅ ግን ከዝርዝሩ ውስጥ አልገባም። የስዊዝ ቦይም ለመርከቦቿ ክፍት ሆኖ ቀረ። «አሜሪካ የማኅበሩ አባል ስላልሆነች መሸጧን አታቆምም» የሚል ሰበብ ቀረበ፤ ከሰበቡ ጀርባ ግን ሙሶሊኒን ላለማስቆጣት የነበረው ፍርሃት ነበር። ሙሶሊኒ ራሱ በ1938 እ.ኤ.አ. ሙኒክ ላይ ለሂትለር የነገረውን የሂትለር አስተርጓሚ ጽፎ አቆይቶልናል፤ ማዕቀቡ ነዳጅን ቢጨምር ኖሮ በሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ ለመውጣት ይገደድ ነበር። ውድ አንባቢ ሆይ፣ እስቲ እዚህች ላይ ጥቂት ቆም በል። የአምስት ዓመቱ ፍዳ፣ የየካቲት 12 እልቂት፣ በዱር በገደሉ የወደቀው አርበኛ ሁሉ አንዲት ቃል በአንድ ዝርዝር ውስጥ ባለመጻፏ መንገድ አገኘ። መኖ የሚባለው ነገር የዚህን ያህል ይከብዳል።

* * *

ታሪክ ግን አንዳንድ ጊዜ በራሱ መንገድ ይክሳል። በ1947 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል ኢጣሊያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንድትከፍል ወሰነ። በስተመጨረሻ የተከፈለው ከዚያ ያነሰ ቢሆንም፣ በካሳው ገንዘብ አዋሽ ወንዝ ላይ የቆቃ ግድብ ተሠራ፤ በ1952 ዓ.ም.ም ተመረቀ። 43 ሜጋ ዋት ገደማ ያመነጫል። ከዚያ በፊት በ1904 ዓ.ም. አካባቢ በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሞከረ አነስተኛ የውሃ ኃይል ማመንጫ ነበረ፤ ትልቁ በር የተከፈተው ግን በቆቃ ነው። በነዳጅ ኃይል የወረረን አገር ዕዳውን በውሃ ኃይል ከፈለን ማለት ነው። ይህን አጋጣሚ ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል። የታሪክ ጸሐፊዎቻችን የቆቃን ነገር ከካሳው ጋር አያይዘው ይጽፉታል፤ ከነዳጁ ጋር አያይዞ የጻፈው ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ከቆቃ በኋላም መኪናችን የምትጠጣው የባሕር ማዶውን ነው። በ1959 ዓ.ም. ገደማ አሰብ ላይ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የነዳጅ ማጣሪያ ተከፈተ፤ የሚያጣራው ድፍድፍ ግን ያው ከውጭ የሚመጣ ነበር። በጥቅምት 1973 እ.ኤ.አ. በዐረቦችና በእስራኤል መካከል ጦርነት ሲነሳ የነዳጅ ዋጋ በዓለም ላይ አሻቀበ። የእኛም መንግሥት የቤንዚንን ዋጋ በ50 በመቶ ጨመረ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲዎች ቆሙ። መምህራኑም በዚያው ቀን ሥራ አቆሙ፤ ተማሪው ጎዳና ወጣ። መንግሥት ዋጋውን በከፊል ቢቀንስም ጊዜው አልፎ ነበር። በዚያው ወር የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ በአንዲት ትንሽ ቮልስዋገን ከቤተ መንግሥታቸው ተወሰዱ። አብዮቱን የወለደው ቤንዚን ብቻ ነው አልልም፤ የወሎው ረሃብ፣ የመሬቱ ጥያቄ፣ የወታደሩ ብሶት ተከማችቶ ነበር። ደረቁን ጭራሮ የለኮሰው ግን ቤንዚን ነው። ተከትሎ የመጣውም ደርግ ነዳጅን በኩፖን ሲያድል ኖሮ በተራው አለፈ። የአሰብ ማጣሪያ በ1989 ዓ.ም. ተዘጋ፤ ከ1990ው ጦርነት በኋላ ነዳጃችን በአብዛኛው በጅቡቲ በር ይገባ ጀመር።

* * *

እነሆ ወደ ዘመናችን ደረስን። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጉባ ላይ የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ። በባንክ መስኮት ከተቀመጥኩ ወዲህ ለግድቡ ቦንድ ሊገዙ የሚመጡትን ብዙ ሰዎች አስተናግጃለሁ። በጨርቅ ቋጥረው ያመጧትን የሙዝ ሽያጭ ገንዘብ በጣታቸው እየቆጠሩ ሰጥተውኝ፣ ወረቀታቸውን አጣጥፈው በኪሳቸው ከትተው የሄዱ የጫኖ ገበሬዎች ፊታቸው ዛሬም ይታየኛል። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2009 ዓ.ም. የእኛው ጎረቤት ኦሞ ላይ 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ 3 ተመርቋል። አርባ ምንጭ ላይ በ1979 ዓ.ም. የተከፈተው የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ፣ ለዚህ ሥራ የሚሆኑ መሐንዲሶችን ሲያሠለጥን ኖሯል። ነዳጃችን ለሚገባባት ለጅቡቲ እንኳ ዛሬ መብራት የምንሸጠው እኛ ነን። አሮጌው ባቡርም በኤሌክትሪክ ባቡር ተተክቷል።

መንግሥት በ2014 ዓ.ም. ለኤሌክትሪክ መኪኖች ከፍተኛ የግብር ቅናሽ አደረገ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) በነዳጅ ብቻ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቁ። ብዙ አገሮች ለ2030 እና ለ2035 እ.ኤ.አ. የቀጠሩትን ነገር ኢትዮጵያ በአንድ ማለዳ አደረገችው። ምክንያቱ የአየር ንብረት ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ነዳጁን የምንገዛበት ዶላር ነው የቸገረው። በባንክ የሚሠራ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህማ፣ በዶላር የሚገዛ መኖ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማስረዳት ባንክ ውስጥ መሥራትም አያስፈልግም።

* * *

አሁን ሁለቱን መኪኖች ጎን ለጎን እናቁማቸው።

ለበቅሎይቱ ልሟገት። የጥንት መንገደኛ አቅም ካለው ተለዋጭ በቅሎ አስከትሎ ይሄድ ነበር፤ አንዷ ስትደክም በሌላይቱ ይቀመጣል። ሃይብሪድም እንዲሁ ናት። በባትሪዋ በአማካይ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፤ ሲያልቅባት ወደ ቤንዚኑ ትዞራለች። መብራት ሲጠፋ ቤንዚን አለ፤ ማደያው ላይ ሰልፍ ሲረዝምና ቤንዚን በሃይላንድ ሲቸበቸብ ደግሞ ሶኬት አለ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፈጣን የኃይል መሙያ ጣቢያዎችን ከፍቷል፤ ከዋና ከተማዋ ርቆ ለሚኖር ሰው ግን እንዲህ ያለው ነገር ገና በየመንገዱ አይገኝም። ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ መንገድ ላይ በየሳምንቱ ለሚመላለስ፣ ወይም ወደ ሳውላ ዘልቆ ለሚነግድ ሰው «ሃይብሪዷን ያዝ» ብል አላፍርም።

ነገር ግን ሁለት እንስሳ የሚቀልብ ሰው ሁለት እጥፍ ይደክማል። ሃይብሪድ ባትሪም አላት፣ ሞተርም አላት። ዘይቷ ይለወጣል፤ ፊልትሮዋ ይቀየራል፤ ካንዴላዋ ይታያል፤ ባትሪዋም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ የሰው ልማድ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ እነዚህ መኪኖች መንገድ ላይ የሚያወጡት ጭስ በፋብሪካ ፈተና ከተመዘገበላቸው 3.5 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ባለቤቶቻቸው ሶኬቱን ረስተው ቤንዚኑን ይቀዳሉ። በቅሎዋ አጎቷን ትጥራ እንጂ በአባቷ ትሄዳለች።

የኤሌክትሪኳም ነውር የላትም አልልም። ባትሪዋ ከቻይና የሚመጣ ነው፤ ሲያረጅ በዶላር ይተካል። የአርባ ምንጭ ሙቀት ለባትሪ ወዳጅ አይደለም። የሚጠግናት ባለሙያ እንደ ናፍጣ መካኒክ በየጥጉ አይገኝም። መብራትም ይጠፋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከሕዝባችን ግማሽ ገደማው ገና መብራት አላየም፤ ቦንድ ገዝቶ ኩራዝ የሚያበራ ሰው ባለበት አገር የኤሌክትሪክ መኪና መንዳት ኅሊናን ጎንጠር ያደርጋል። ነገር ግን መኪናይቱ አንድ ጊዜ በዶላር ትገዛለች፤ መኖዋ ግን ዕለት ዕለት የሚመጣው ከዝናባችን ነው። ቤንዚን እንደ ኪራይ ነው፤ በየቀኑ ይከፈላል፤ ባለቤቱም ሲያሻው ዋጋ ይጨምራል። ደግሞ ከጨንቻ ቁልቁል የሚወርድ ሰው የሚያየው አንድ ነገር አለ፤ መኪናይቱ ፍጥነቷን በያዘች ቁጥር የቁልቁለቱን ጉልበት ከፊሉን ወደ ባትሪዋ ትመልሳለች። ቤንዚን ተቃጥሎ ተመልሶ ታንከር ሲገባ ያየ ሰው የለም።

ለወንድሜ የሰጠሁት መልስ እንዲህ የሚል ነበር። የዕለት መንገድህ ከጫኖ አርባ ምንጭ ነው፤ ደርሶ መልሱ ከ50 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ቤትህ መብራት አለ፤ ሌሊት ስትተኛ እርሷም ትሞላለች፤ አንድ ሌሊት ቢጠፋ ያደረው ይበቃሃል። አዲስ አበባ በዓመት ሁለት ጊዜ ብትሄድ ነው፤ ለሁለት ቀን መንገድ ብለህ ዓመቱን ሙሉ ተለዋጭ በቅሎ አትቀልብ። የኤሌክትሪኳን ያዝ።

ወንድሜ በሃሳቡ ገና እየተመላለሰበት ነው፤ ምርጫው የራሱ ነው። እኔን ግን ከመኪናው ይልቅ የሚያሳስበኝ ምሰሶው ነው። በሚቀጥሉት ዓመታት የኤሌክትሪክ መስመሩ ወደ መንደሩ ካልገባ፣ ትራንስፎርመሩ ካልተጠናከረ፣ በየመንገዱ መሙያ ካልተተከለ፣ ይህ ሁሉ ነገር የአዲስ አበባ ባለሀብት ጌጥ ሆኖ ይቀራል፤ ገበሬውም በገንዘቡ የሠራውን ግድብ ብርሃን በሩቁ ያያል። በቅሎ ክፉ አይደለችም፤ ዳገቱን ያለ እርሷ አንወጣውም ነበር። ነገር ግን በቅሎ አትወልድም። ነገ የሚወለደው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ቆቃም፣ ጊቤም፣ ጉባም ነግረውናል። የቀረው መስኩን ለሁሉ ማዳረስ ነው።

በቅሎ የምትገዛ፣ ጥርሷን ብቻ አትይ፤
የመኖዋ መስኩ፣ የማን ነው? ብለህ እይ።

ቸር እንሰንብት።